ዘኪያ እና የጨው ተርታ

ዘኪያን የሚያውቅ ሰው ዛሬ መቀሌ ውስጥ ብዙ የለም። የቀረነው እኔና ሁለት ሦስት አሮጊቶች ብንሆን ነው፤ እነሱም ሲያወሩ ነገሩን ሁሉ ያሳምሩታል። እኔ አያልነሽ ማሳመር አልችልም። ከእሷ ጎን አሥራ ሰባት ዓመት ጨው ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝና እንደነበረው እነግራችኋለሁ። መሐሉ ላይ እኔን ራሴን የሚያስወቅስ ነገር አለበት። ቢኖርበትስ? በዚህ ዕድሜዬ ማንን እፈራለሁ!

ዘኪያ የወሎ ሰው ናት፣ ከወረኢሉ። ባሏ ጀይሉ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር በቅሎ እየነዳ እስከ ጨዉ በረሃ ድረስ ይወርድ ነበር። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት በረሃ ላይ ንዳድ ያዘውና መቀሌ ሳይደርስ ሞተ። የባሏን ጓዝ ልትረከብ በእግሯ መጣች። በቅሎዋም ሞታ ቆየቻት። የተረከበችው ሃያ አምስት አሞሌ ጨውና አንድ ትንሽ መጥረቢያ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን አሞሌውን በጅምላ ሸጣ፣ ስንቅ ገዝታ ትመለስ ነበር። እሷ ምን ልትመለስበት? ዘመድ የላት፣ መሬት የላት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በሰው ቤት አገልጋይ ሆና ነው ያደገችው፤ ከዚያ ያወጣት ጀይሉ ነበር። እናም በሰኞ ገበያ አጎዛዋን ዘርግታ ተቀመጠችና አሞሌውን እየቆረጠች መሸጥ ጀመረች።

ጨው መቁረጥ ቀላል መስሏችሁ ይሆናል። አሞሌ ዝም ብለው ቢመቱት ይፈረካከስና ግማሹ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ በመጥረቢያው ጫፍ አራቱንም ጎን ዙሪያውን መጫር ነው። ከዚያ ጭኑ ላይ አስደግፎ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ቀስ አድርጎ መምታት። የዘኪያ እጅ ሲመታ ጨዉ ቀጥ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ፍርፋሪው አንድ ጭብጥ አይሞላም። ያንኑ ጭብጥ ደግሞ ለገዢዋ ምርቃት ብላ ትጨምርላታለች።

እኔ የመጣሁት በሠላሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ወታደር ባሌ ከደብረ ታቦር አምጥቶ እዚህ ጣለኝና አስመራ ደርሼ ልምጣ እንዳለ ቀረ። አሁንም ይመጣል እየተባለ ነው! ዘኪያ ገበያ ውስጥ ቆሜ ስዞር አይታ፣ አማርኛዬን ሰማችና «እህቴ፣ ምን ጠፋሽ?» አለችኝ። «ባል» አልኳት። ሳቀች። ከጎኗ አስቀምጣ ሙያውን አስተማረችኝ። ከዚያ ወዲያ እትዬ እላታለሁ፤ እሷ አያል ትለኛለች። እኔ በማርያም እምላለሁ፣ እሷ ወላሂ ትላለች፣ ጨዋችን ግን አንድ ነው።

የጨው ተርታው አሥራ ሁለት መደብ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሴት የሚቀመጥበት። ብዙዎቹ የአገሩ ሴቶች ናቸው፤ ከሌላ አገር የመጣነው እኔና ዘኪያ ብቻ ነን። ያም ሆኖ ተርታው የሚሰማው ዘኪያን ነበር። ትግርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፣ ሲስቁባት አብራ ትስቃለች።

በሠላሳ ዘጠኝ ጥር ላይ አቶ ደሳለኝ የሚባል የሸዋ ነጋዴ ከተርታችን ፊት ለፊት ትልቅ ሱቅ ከፈተ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ ልዋሽ አልፈልግም። ከምጽዋ የባሕር ጨው በመኪና፣ በጆንያ በጆንያ እያስመጣ በጣሳ ይሰፍራል። ጨዉ ነጭ ነው፣ ደቃቅ ነው፣ አሸዋ የለበትም፣ ወቅጡኝ አይልም። ዋጋውም ከእኛ ረከስ ይላል። ሰዉ ምን ያድርግ? ወደዚያ ጎረፈ። ፋሲካ ሳይደርስ ከአሥራ ሁለታችን አምስቱ ተርታውን ትተው ወጡ። አንዷ እንጨት ለቀማ፣ አንዷ ወደ ገጠር ዘመዶቿ፣ ሦስቱም እንዲሁ።

ግንቦት ላይ ነገሩ ባሰ። የገበያው ሹም አቶ ወልደጊዮርጊስ መጣና ባዶዎቹን መደቦች በዘንጉ እየነካ አለፈ። ደረቅ ሰው ነው፣ ጉቦ ግን አይበላም። እንዲህ አለን፦ «አቶ ደሳለኝ ከክረምቱ በፊት የጨው መጋዘን የሚሠራበት ቦታ ጠይቋል። ግማሹ ባዶ የሆነ ተርታ ይዤ አልቀመጥም። በሰኔ የመጨረሻው ሰኞ እመጣለሁ። አሥራ ሁለቱ መደብ ላይ አሥራ ሁለት ሻጭ ካገኘሁ ተርታው የእናንተ ነው። አንድ ከጎደለ ለእሱ እሰጣለሁ።»

አቶ ደሳለኝም ይህን ሰምቶ፣ ለደግነቱ ነው፣ ወደ ዘኪያ መጣ። «እማማ፣ ለምን ትቸገሪያለሽ? ሱቄ ግቢና ጨው ስፈሪልኝ። ምሳሽንም እችላለሁ» አላት።

ዘኪያ መጥረቢያዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። «የሰው ቤት ጣሳ በሰባት ዓመቴ ይዤ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው ያስቀመጥኩት። ተመልሼ አልይዝም፣ ልጄ» አለችው። እሱ ሲሄድ ቀጥሎ የመታችው አሞሌ ተፈረካከሰባት። እኔ ያን ቀን ነው የገባኝ። ያ መደብ ከሄደ ለሷ ሌላ ቀን የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወይ ለልመና፣ ወይ ለሰው ቤት።

«ሰው እንጥራ» አለችኝ በማግስቱ።

«ሰው እንዴት ይጠራል? ሰርግ ነው እንዴ?»

«እየዞርን እንለምናለን። ከእኛ ግዙ እንላለን።»

አሳቀችኝ። እሷ ግን የምሯን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ በሌለ ቀን ሁሉ መዞር ሆነ ሥራችን። እኔን ቅዳሴ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ታቆመኛለች። እሷ አርብ አርብ መስጊድ ደጅ ቆማ ሴቶቹን ትይዛለች። ዓይናለም መንደር ድረስ በእግሯ ሄዳ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ትቀመጥና፣ እንስራ የምትቀዳዋን ሴት ሁሉ በዚያ በተሰባበረ ትግርኛዋ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንዴ ስሚኝ» ትላለች። ቁራሽ ጨው ከመቀነቷ ፈትታ ታስልሳታለች። ከዚያ ይህንኑ ነው የምትላት፦ «የሱቁን ጨው ስትገዢ ገንዘብሽ መኪና ላይ ወጥቶ ይሄዳል፣ ዳግመኛ አታዪውም። ከእኔ ስትገዢ ግን እኔ ነገ እንቁላልሽን እገዛበታለሁ፣ ጎረቤትሽ ሸክላ ትሸጥልኛለች፣ አንቺ ደግሞ ለእሷ ጌሾ ትሸጫለሽ። ሠላሳ ቀን እዚሁ ስንቀባበለው እንከርማለን።»

አንዳንዷ «እውነትሽን ነው» ትላለች። አንዳንዷ ፊት ለፊት «እናቴ፣ ያኛው መውቀጥ የለበትም፣ ወገቤን ነው የሚያሳርፍልኝ» ትላለች። ይሄም እውነት ነው፤ ምን ይመለሳል? ዘኪያ ግን አትናደድም። «እንግዲያው ለወጥሽ ያንን ግዢ፣ ለከብትሽ ከእኔ ግዢ» ትላታለች። እኔ ብሆን ኖሮ እንስራዋን ነበር የምሰብረው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ገዢ ጥቂት ጥቂት ጨመረ። የሄዱትን አምስቱን የሚመልስ ግን አይደለም። ሰኔ ሲገባ ዘኪያ ሌላ ዘዴ አመጣች። ለፋፊው አባ አገኘሁ ጋ ሄደች። አባ አገኘሁ ድሮ ወታደር የነበረ፣ እንደ እኛው ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። በቅሎ የጠፋበት ሰው ሲኖር ገበያ ለገበያ እየዞረ በአፉ ብቻ ይለፍፋል። መንግሥት አዋጅ ሲኖረው ደግሞ ገበያው ውስጥ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ነጋሪት መትቶ፣ በመጀመሪያ በአማርኛ ቀጥሎ በትግርኛ ይናገራል። ዘኪያ የምትፈልገው ሰው እንዲሰማት ብቻ ነው። «በአፍህ ብቻ ከሆነ ማን ይሰማሃል? ድንጋዩ ላይ ውጣ፣ ነጋሪቱንም ምታልኝ» አለችው። «ኧረ ይሄ የመንግሥት ነው» ቢላትም ለመነችው፣ ደግማ ለመነችው፣ አንድ ሙሉ አሞሌ ተሸክማ ቤቱ ወሰደችለት። ሽማግሌው እሺ አለ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ነጋሪቱ ተመታ። ዘኪያ ተርታው ላይ ነበረች፤ ከዚያ ነጋሪቱ እንጂ ቃሉ አይሰማም። እኔ ውሃ ልጠጣ ሄጄ ድንጋዩ ሥር ነበርኩ። አባ አገኘሁ መጀመሪያ ያስተማረችውን በደንብ ተናገረ፤ የአገራችሁን ጨው ግዙ፣ ጎረቤቶቻችሁን አትርሱ አለ። ሲጨርስ ግን ነጋሪቱን አንዴ መታና፣ ሃያ ዓመት የለመደው አፉ አመለጠው፦ «ይህን የተላለፈ ይቀጣል!» ብሎ ቁጭ!

ወይ ጉድ! አገሩ በመንግሥት ላይ በተነሣ ጊዜ እዚያው ገበያ ላይ ከአውሮፕላን ቦምብ ከወደቀ ገና አራት ዓመት አልሞላውም፤ መንግሥት ሲባል የሰዉ ልብ ገና አልተመለሰም። አንዲት ሴት የገዛችውን ነጭ ጨው ከነጨርቁ ቅርጫቷ ሥር ስትደብቀው በዓይኔ አየሁ። አባ አገኘሁ ራሱ ያለውን የሰማ አይመስለኝም፤ ነጋሪቱን ተሸክሞ ወረደ።

ወደ ተርታው ስመለስ ሰዉ ተጋፍቶ ደርሷል። ዘኪያ ትቆርጣለች፣ ትሰጣለች፣ ላብ በላብ ሆናለች። «አየሽ አያል? ሰው ከተለመነ ይሰማል እኮ!» አለችኝ። ፊቷ በርቷል። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ጨዌን ሳየው ከእኩለ ቀን በፊት ሊያልቅ ነው። አፌን ዘጋሁ። ይሄው ነው ጥፋቴ፣ የመጀመሪያው።

አቶ ደሳለኝ ያን ሰሞን ጨው ሊያመጣ ምጽዋ ወርዶ ነበር። ሱቅ ጠባቂው ነጋሪቱን ሲሰማ በሩን ዘግቶ ቤቱ ገባ። የገበያው ሹም ደግሞ፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ አዋጁ ከበላይ የመጣ መስሎት «ለምን አስቀድሞ አልተነገረኝም?» ብሎ እየተበሳጨ ዝም አለ። በሚቀጥለው ሰኞ የሄዱት አምስቱ ሴቶች ተመለሱ። አሥራ ሁለቱም መደብ ሞላ። ዘኪያ ለእያንዳንዷ መደቧን በነጠላዋ ጠረገችላት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች። ኣደይ ለተኪዳን ትባላለች፣ «እማማ» እንደ ማለት ነው፤ ዓይናለም የምትኖር ባል የሞተባት ሴት ናት። ዘኪያ ጉድጓዱ አጠገብ ጨው አስልሳት ታውቃለች። ለመግዛት አልመጣችም። ዘኪያ አጠገብ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ «አንቺ የሹሞቹን ነገር ታውቂያለሽና እባክሽ ንገሪኝ። ቤት ለቤት ፍተሻ አለ ይላሉ» አለቻት።

«የምን ፍተሻ?» አለች ዘኪያ።

«የነጩን ጨው ነዋ! ያለኝን ወንዝ ደፍቻለሁ። የዓመት በርበሬዬ ግን በፋሲካ ሰሞን ስወቅጥ በዚያው ጨው ነው ያሰናዳሁት። ከበርበሬው አይለይ ነገር። ልጆቼን ያስሩብኛል ብዬ ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኩት። አሁን ደግሞ መቅበርም ያስቀጣል አሉኝ። አውጥቼ ላቃጥለው?»

ዘኪያ አልገባትም። እየደጋገመች ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ነጋሪቱን ነገረቻት፣ ይቀጣል መባሉን ነገረቻት። ዘኪያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አያል፣ አንቺ ድንጋዩ ሥር ነበርሽ። እንዲህ ብሏል?»

«ብሏል» አልኩ።

«ሰምተሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ሰምቼ ነው! ምን ላድርግ? ሄጄ አፉን ልድፈን? ጨውሽን እየሸጥሽ አይደል? መደቡ ሞልቶ የለም?»

እህል ውሃ አላለችም ያን ቀን። ጨዋን ሸክፋ፣ ኣደይ ለተኪዳንን ይዛ ቤቷ ሄደች። እዚያ የራሷን የዓመት በርበሬ ከነማሰሮው አውጥታ፣ ልትሰጣት ተሸክማ፣ እስከ ዓይናለም አብራት ሄደች። ይህን ያወቅኩት ማታ ቤቷ ስመጣ ነው፤ የበርበሬው ቦታ ባዶ ነበር። ደሜ ፈላ።

«ሰኞ ድንጋዩ ላይ ወጥቼ አዋጅ አይደለም እላለሁ» አለችኝ።

«አበድሽ? ሹሙ የሚቆጥረው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። እስከዚያ ዝም በይ! ከተቆጠርን በኋላ የፈለግሽውን ተናገሪ።»

«እስከዚያ ስንት ሴት በርበሬዋን ትቀብራለች?»

«ትቅበር! እኔ ቅበሪ አልኳት? ከተርታው ከተባረርን እንጀራችንን ማን ይሰጠናል፣ ለተኪዳን?»

«አያል፣ እኔ ግዙኝ ብዬ ለመንኩ እንጂ ፍሩኝ አላልኩም» አለች። ድምፅዋ አልከፋም፣ አልጮኸችም። የበለጠ ያናደደኝ ይሄ ነው። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሰኞ ዕለት አባ አገኘሁን ድንጋዩ ላይ እንዲወጣ ብትለምነው ሽማግሌው ፍርሃት ይዞት አመመኝ ብሎ ተኛ። እናም ራሷ ወጣች። ነጋሪት የለም፣ ዘንግ የለም፤ አጭር ሴት ናት፣ ከኋላ ያለው ሰው ጭራሽ አያያትም። በአማርኛ ጀመረች፣ ከዚያ በትግርኛዋ ደገመችው፦ «አዋጅ አይደለም! መንግሥት ምንም አላለም! ነጋሪቱን ያስመታሁት እኔ ነኝ፣ ጨው ሻጭዋ ዘኪያ። ከሱቁ የፈለገ ከሱቁ ይግዛ፣ ማንም አይነካውም። ፈርቶ ከእኔ የገዛ ካለ ጨዉን ያምጣ፣ ገንዘቡን እመልሳለሁ። እኔ የምለው ከእኛም ግዙ ነው፣ ልመና ነው። በርበሬያችሁን አትቅበሩ!»

አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተሳደበ። «አሞኘችን!» ያለም ነበር። አንድ ሦስት ሰው ጨዉን መልሶ ገንዘቡን ወሰደ፤ ዘኪያ ቆጥራ ሰጠች። የሱቁ በር ተከፈተና ሰዉ ወደዚያ ሄደ። አቶ ወልደጊዮርጊስ ዘኪያንም አባ አገኘሁንም አስጠርቶ በሰው ፊት ገሠጻቸው። እንዲያውም ቀለል አለ፤ ያስራቸዋል ብዬ ነበር።

ያን ቀን ተርታው ላይ የተሸጠው ከድሮውም ያነሰ ነው። የተመለሱት ሴቶች አጉረመረሙ። ዘኪያ እየዞረች «እስከሚቀጥለው ሰኞ ብቻ ተቀመጡልኝ፣ እስኪቆጠር ብቻ» ብላ ለመነቻቸው። ቢያኮርፉም እሺ አሏት። አንዷም አልሄደች።

የሄድኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ! ያስተማረችኝ፣ ያስቀመጠችኝ፣ በበሽታዬ ቀን ያስታመመችኝ ሴት ተርታዋን ለማዳን አንድ ሰው እንኳ ሊጎድልባት በማይገባበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ከምጽዋ የተመለሰው አቶ ደሳለኝ ጋ ሄጄ «ልግባ?» አልኩት። ጣሳውን ሰጠኝ። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ተርታው እንደሆነ አልቋል፣ ቀድሜ ቦታዬን ይዣለሁ ብዬ ነው። ዘኪያ ሰምታ ወደ እኔ አልመጣችም፣ አልላከችብኝም።

የቆጠራው ሰኞ ደረሰ። ጠዋት ትንሽ ካፊያ ነበር፣ ሴቶቹ ጨዋቸውን በሌጦ ሸፍነዋል። እኔ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጣሳ ይዤ ቆሜአለሁ፤ ተርታው ፊት ለፊቴ ነው። መቁጠር አልፈለግኩም፣ ዓይኔ ግን ቆጠረ። አሥራ አንድ። የጎደለችው እኔ ነኝ። አቶ ወልደጊዮርጊስ ወረቀቱን ይዞ ከወዲያ ጫፍ ሲመጣ አየሁት። ሮጠሽ ሂጂ ይለኛል ልቤ፤ እግሬን ደግሞ እፍረት ያዘው።

በዚህ መሐል አንዲት ሴት ከሰዉ ውስጥ ወጥታ መደቤ ላይ ቁጭ አለች። ኣደይ ለተኪዳን ናት። ዘኪያ ደንግጣ ስታያት ከዚህ ይታየኛል፤ የቆጠራውን ነገር ገበያው ሁሉ ሰምቶት ነበር እንጂ የተማከሩ አልነበሩም። ሴትዮዋ ከዘኪያ አንድ አሞሌ ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ መጥረቢያውን በተገላቢጦሽ ይዛ ሹሙን ጠበቀችው። ከኋላዋ አሥር የሚሆኑ የዓይናለም ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ቆመዋል። ዝም ብዬ መቆም አልቻልኩም። ጣሳውን ለሱቅ ጠባቂው አስይዤ ተጠጋሁ፣ ሰዉ መሐል ተደበቅሁ።

አቶ ወልደጊዮርጊስ እየቆጠረ መጥቶ ኣደይ ለተኪዳን ላይ ቆመ። «አንቺን አላውቅሽም። ጨው ሻጭ ነሽ?»

«ነኝ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ ጀምሮ።»

«እስቲ ግማሽ ቁረጪልኝ።»

መጥረቢያውን አነሳችና ባለ በሌለ ኃይሏ መታችው። አሞሌው ብትንትኑ ወጣ። ፍርፋሪው የሹሙ ጫማ ላይ ሳይቀር ተረጨ። ሰዉ ሳቀ። ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ፣ ግን አልተነሳችም። ፍርፋሪውን በሁለት እጇ ሰብስባ «ይኸው፣ ከግማሽ ይበልጣል። ምርቃቱም አለበት» አለችው።

ሰዉ አሁንም ሳቀ፣ ሹሙ ግን አልሳቀም። «ይቺ ሻጭ አይደለችም፣ ዘኪያ። ቦታ ማሟያ ነው ያመጣሻት።»

«እኔ አላመጣኋትም» አለች ዘኪያ። ተነሥታ ቆመች። «ነገር ግን ጌታዬ፣ ሰው ተቀምጧል። ጨው አለ። ገዢ ከኋላዋ ቆሟል። ከዚህ ሌላ ምን ይቆጥራሉ? እኔም የመጀመሪያውን ቀን እንዲሁ ነበር የሰባበርኩት፤ ያኔ የሚቆጥር ሰው ስላልነበረ ነው እዚህ የቀረሁት።»

ሹሙ የዓይናለሞቹን ሴቶች አያቸው። አንዷ ቅርጫቷን ወደ ኣደይ ለተኪዳን ዘርግታ «ለእኔም ቁረጪልኝ፣ ቀስ ብለሽ ግን» አለቻት። እሱም ጫማውን አራገፈ፣ ፍርፋሪውን በወረቀት ተቀበለ፣ ከፈለ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈና ሄደ። ተርታው ላይ እልል ተባለ።

እኔ ያኔ መሄድ ነበረብኝ። ማን ይፈልገኛል? መደቤ ተይዟል፣ ያለ እኔ ተቆጥሯል። እግሬ ግን ወደ ሱቁ አልሄድ አለኝ። ሰዉ ገለል ሲል ኣደይ ለተኪዳን አየችኝና አወቀችኝ። ቶሎ ብላ ልትነሳ ስትል ዘኪያ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። «ያንቺ ነው፤ አሁን ተቆጥረሽበታል» አለቻት።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እንባዬ መጣ፤ ልዋሽ ምን ያደርግልኛል፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዘኪያ አጎዛዋን ሳበችና ከመደቧ ወዲያ ጫፍ ጠጋ አለች። የተረፈውን ግማሽ በመዳፏ መታ መታ አደረገችልኝ። «ነይ እንጂ፣ ጨዉ ይረጥባል» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጨው ተርታው አሥራ ሁለት መደብ ላይ አሥራ ሦስት ሴት ነበርን። የራሴ የሚባል መደብ ዳግመኛ አልነበረኝም። ዘኪያ እስከሞተችበት እስከ አምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ድረስ፣ ክረምት ከበጋ፣ በእሷ ግማሽ ላይ ተቀምጬ ጨው ሸጥኩ።